የልጅነቴን የገና ፊልም ለልጆቼ ላሳይ፤ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ምን ላድርገው?

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ለመጪው ገና «ሆም አሎን»ን፣ ያንን ቤተሰቡ ለገና ወደ ፓሪስ ሲጣደፍ ኬቭን የሚባለውን ልጅ ቤት ረስቶት የሚሄድበትንና ልጁ ብቻውን ሌቦችን የሚመክትበትን ፊልም፣ ለሁለቱ ልጆቼ ላሳያቸው አስቤ አንድ ነገር ስላሳሰበኝ የወላጆችን ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ኅዳር 1983 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ደሴ ላይ ያየነው ግን ዓመታት ዘግይቶ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ቀለሙ ደብዝዞ ድምፁም ተጎድቶ ነበር። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚገባው ስላልነበረ ታላቅ ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። አብዛኛውን ከራሱ እየፈጠረ ይነግረን እንደነበር ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ፊልሙን እንደገና ሳየው ነው። በእሱ ትርጉም የልጁ እናት የምትበረው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ነበር፤ ሌቦቹም ሃሪና ማርቭ መባላቸው ቀርቶ በሰፈራችን በሚታወቁ ሁለት ኪስ አውላቂዎች ስም ይጠሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም የወንድሜን ፊልም ከዋናው አብልጬ እወደዋለሁ።

ያሳሰበኝ የታላቁ ልጄ ነገር ነው። አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደርሶ ደሴን ለቀን ስንወጣ፣ በመኪና መሳፈሪያው ግርግር መካከል እሱ ከአክስቱ ጋር በአንድ መኪና፣ እኔና አባቱ ደግሞ ሕፃኗን ታቅፈን በሌላ መኪና ሄድን፤ ደብረ ብርሃን ላይ እስክንገናኝ ድረስም የት እንዳለ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ዛሬ ደኅና ነው፤ ይማራል፣ ይጫወታል፣ ከእኅቱ ጋር ይጣላል። ሆኖም አብረን መንገድ በወጣን ቁጥር መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሁላችንንም በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥረናል፤ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ሳይጨርስ አይቀመጥም።

ፊልሙን የምታስታውሱ ሰዎች ምን እንደፈራሁ ይገባችኋል። የታሪኩ መነሻ በሙሉ አንድ የተሳሳተ ቆጠራ ነው። እኛ በሳቅ ያለፍነው ክፍል ለእሱ ምን እንደሚሆንበት መገመት ስላልቻልሁ ያንን ክፍል ልዝለለው፣ አስቀድሜ ልንገረው ወይስ ፊልሙን ጎርመስ እስኪል ላቆየው እያልሁ አመነታለሁ። ለታናሿ ስጋት የለኝም፤ ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ሌቦቹ ሲወድቁ ማየቱ ይበቃታል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ ስለ ታላቁ ልጅዎ ከእኔ የተሻለ የሚመክርዎት አይጠፋምና እኔ «ለታናሿ ስጋት የለኝም» ባሉት ላይ ልናገር። አምና ፊልሙን ለስምንት ዓመት ልጄ ባሳየሁት ማግሥት ብዩን በሙሉ ሰብስቦ ከሳሎኑ በር ሥር በተነው፤ እናቴ ደግሞ በዚያው በር የፈላ ጀበና ይዛ ትገባ ነበር። ጀበናው ደቀቀ፤ እሷን እግዚአብሔር አተረፋት። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ፣ በፊልሙ ያለው ልጅ ፊቱን ሽቶ ሲያቃጥለው እንደሚያደርገው፣ ሁለት መዳፉን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ይጮኻል። እናቴ ከወለሉ ሳትነሣ ያለችው የመጀመሪያ ነገር «አቦሉ እንኳ አልተቀዳም ነበር» የሚል ነው።

ልጆቹ የሚያዩት ሰው በካውያ ፊቱን ተመትቶ፣ በረዶ በጋገረበት ደረጃ ላይ በጀርባው ወድቆ፣ አናቱ በእሳት ተለብልቦ ብድግ ብሎ ሲሄድ ነው፤ ይህም ለሕይወት የማያሰጋ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሲወድቁ የሚታዩት ለዚሁ የሠለጠኑ ባለሙያዎች መሆናቸውን፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ የሚመስለው ሌባም የጎማ እግር አጥልቆ እንደነበር ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ይንገሯቸው። በማርቭ ፊት ላይ የምትሄደው ሸረሪት ግን እውነተኛ ናት። ይህን ከነገርኋቸው ወዲህ በቤታችን የሚደነቀው ልጁ መሆኑ ቀርቶ ያ ተዋናይ ሆኗል።

የሰሌዳው ባለቤት (ወልዲያ)

እኔ መምህር ነኝ፤ ይህን ፊልም ከራሴ ልጆችም ከተማሪዎቼም ጋር አይቼዋለሁ። ምክሬ ያንን ክፍል አይዝለሉት የሚል ነው፤ እንዲያውም ቀስ ብለው ቢያሳዩት ይሻላል።

ድርሰቱን የጻፈው ጆን ሂዩዝ አንድ ከባድ ሥራ ነበረበት፤ ወላጆቹ ጨካኞች ሳይሆኑ፣ ልጁም ሳይጠፋ፣ ገና ስምንት ዓመቱ የሆነ ልጅ በቤቱ ብቻውን መቅረት አለበት። ይህን ያደረገው ትንንሽ ስሕተቶችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ነው። በጉዞው ዋዜማ እራት ላይ ወተት ይደፋል፤ አባትየው ወተቱን በጠረገበት ወረቀት መካከል የኬቭንን የአውሮፕላን ትኬት ሳያየው አብሮ ይጥለዋል። ልጁ ረብሸሃል ተብሎ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል እንዲያድር ይላካል። ሌሊቱን ነፋስ የመብራትና የስልክ መስመሩን ስለሚበጥሰው የጠዋቱ ሰዓት ሳይደውል ይቀራል። በጥድፊያ ሲቆጠሩ ደግሞ ሻንጣ ሲጎረጉር የነበረ የጎረቤት ልጅ ጀርባውን እንደሰጠ ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሞልቶ ይገኛል። ትኬቱ ባይጣል ኖሮ አየር ማረፊያው ላይ አንድ ትኬት ይተርፍ ነበር፤ ልጁ ከሌሎቹ ጋር ተኝቶ ቢሆን አብሯቸው ይነሣ ነበር፤ መብራቱ ባይጠፋ ጥድፊያው ራሱ አይኖርም ነበር።

የእርስዎ ልጅ መቁጠር የሚያውቅ ልጅ ነው። እንግዲያውስ ሥራውን ይስጡት። «ስሕተቱ የት የት ላይ እንደሆነ ፈልገህ አውጣ» ብለው ወረቀትና እርሳስ ያስይዙት። ትኬቱ ሲጣል የሚታየው ለቅጽበት በመሆኑ አብዛኞቻችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያስተዋልነው፤ አንዳንድ ተማሪዎቼ ግን በመጀመሪያው ዕለት አይተውታል። የጎረቤቱን ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚይዘው የእርስዎ ልጅ እንደሚሆን አልጠራጠርም። በአንድ ሰው ቸልተኝነት ተረሳ ብሎ ማሰብና ነፋሱን፣ ወተቱንና ሰዓቱን ለይቶ ማወቅ በልጅ ልብ ውስጥ የተለያየ ክብደት አላቸው።

መጨረሻውንም አስቀድመው ይንገሩት፤ እናትየው ትመጣለች። የፊልም መጨረሻ አስቀድሞ አይነገርም የሚለው ደንብ ለአዋቂ ተመልካች የወጣ ነው። ስለ ዕድሜው ከጨነቀዎ ደግሞ፣ ኬቭንን የሠራው ማኮሌይ ከልኪን ፊልሙ ሲወጣ ልክ እንደ ልጅዎ አሥር ዓመቱ ነበር።

ደላንታ ሜዳ

ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ የአሜሪካ ፊልም ነውን? የእነሱ ገና የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ 16 ሲሆን፣ ያ ጊዜ ጾመ ነቢያት ነው። የሚጾሙ ልጆችን ሰብስቦ ቺዝ የሚንጠባጠብበትን ፒዛ ማሳየት ምን ይባላል? ልጁ ሜዳ ወጥቶ የገና ዱላውን ይያዝ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል እየሰማ ይደግ።

ላስታ (ላሊበላ)

ወንድሜ ደላንታ፣ ዱላውንም ፊልሙንም የሚያውቁ ልጆች ስላሉን አንዱ ሌላውን የሚያስጥል ሆኖ አላየሁትም። እኛ ዘንድ በዋዜማው ፊልም የሚያይ ሰው የለም። ምእመናኑ ከየአገሩ በእግራቸው ስለሚመጡ እግር ማጠቡ፣ ማስተናገዱና ማሳደሩ ቤተሰቡን በሙሉ ይወስዳል፤ ሌሊቱ በማኅሌት ያልፋል፤ ጠዋት ደግሞ ካህናቱ በማሜ ጋራ ላይ፣ ሌሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ሆነው የሚያሸበሽቡትን ቤዛ ኩሉ ትቶ ማን ቴሌቪዥን ይከፍታል? ፊልሙ የሚታየው ጾሙ ከተፈታ፣ እንግዳውም ከተሸኘ በኋላ ነው። ያኔ ልጆቹ ሥጋ ጠግበው ስለሚሆን የኬቭን ፒዛ ማንንም አያስጎመጅም።

ልጆቻችን ግን ከፊልሙ ውስጥ የከተማ ልጆች ዝም ብለው የሚያልፉትን አንድ ነገር ይይዛሉ። በዚያ ቤት በዋዜማው ምሽት 15 ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ስለ ሻንጣው ይጮኻል፤ ልጁን የሚሰማው የለም፤ በመጨረሻም ፍራሽ ከሚያረጥበው የአጎቱ ልጅ ጋር ተኛ ይባላል። የእኔ ልጆች በበዓል ሰሞን አልጋቸውን ለእንግዳ ለቀው፣ ማን ከማን ጋር ምንጣፍ ላይ እንደሚተኛ ሲጣሉ የሚያድሩ በመሆናቸው ለኬቭን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያዝኑለታል። «ቤተሰቦቼ በጠፉልኝ» ብሎ ሲመኝ የመካከለኛዋ ልጄ «እውነቱን ነው» ብላ አጨበጨበች፤ አያቷም ከጓዳ ሆነው ሰምተዋታል። እናም እኅታችን ደሴ፣ እርስዎ የሚፈሩት እናት ልጇን የረሳችበትን ነው፤ ልጁ ግን መጀመሪያ ቤተሰቡ እንዲጠፋ ራሱ እንደተመኘ አይዘንጉ። ልጅዎ «እኔ ስለተቆጣሁ ይሆን የተለያየነው» ብሎ አስቦ የሚያውቅ ከሆነ የሚያስቸግረው ያኛው ክፍል ይመስለኛል።

ባቲ ሰኞ ገበያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ገና የእኛ በዓል ባይሆንም ጎረቤቶቻችን ለዒድ እኛ ቤት እንደሚመጡ ሁሉ እኛም ለገና እነሱ ቤት ስለምንሄድ ፊልሙን ያየነው እዚያው ነው። የማሳድጋት የእኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እታለም፣ የአንቺን ጽሑፍ ሳነብ ወንድምሽ እናትየዋን ወደ ዐረብ አገር መላኩ አላሳቀኝም፤ በብዙ የወሎ ቤት ፊልሙ የሚታየው እንደዚያ ነው።

ሌሎቹ ልጆች ሌቦቹን ሲጠብቁ የእኛዋ ልጅ የምትጠብቀው እናትየዋን ነበር። ካሜራው ወደ ኬቭን ቤት በተመለሰ ቁጥር «አሁንስ የት ደረሰች?» ትለኛለች። እኔም ከፓሪስ ወደ ዳላስ፣ ከዳላስ ወደ ስክራንተን፣ ከዚያም ከሙዚቀኞች ጋር በጭነት መኪና እያልሁ እነግራታለሁ። ፓሪስ አየር ማረፊያ ላይ እናትየዋ ወንበር ፍለጋ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስትን ስትለምን ገንዘቧን፣ ሰዓቷን፣ ጉትቻዋንም ለመስጠት ትደራደራለች። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበችና ክፍሉ እንደገና እንዲታይላት ጠየቀች። ጎረቤታችን መልሰው አሳዩን። አሮጊቷ ጉትቻውን ስታየው ልጅቷ «ወርቋን ሰጠች» አለች፤ ቀጥላም ጠብቀኝ ወደማላውቀው ጥያቄ ሄደች፤ «አባትየውስ ለምን አልመጣም?» አባትየውና ሌሎቹ ፓሪስ ቆይተው በዓርብ አውሮፕላን ነው የሚመጡት፤ የሚገርመው እሷ ያን ሁሉ አገር ዞራ ከደረሰች ከደቂቃዎች በኋላ እነሱም ያለ ምንም መከራ ይገባሉ። ልጅቷ በዚህ ክፉኛ ተናደደች። እኔም ተናድጃለሁ፤ በልጅነቴ ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

በማግሥቱ ከእናቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችላት። እናቷ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ጥሪው ግን ከወትሮው ረዘመ። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ከመምህሩ ጋር አንድ ነው፤ አትዝለዪው። ነገር ግን ቁጥሩ ላይ ብቻ አታቁሚው፤ ዓይኑን ወደ እናትየዋ መንገድ ምሪው። እናንተም ደብረ ብርሃን እስክትደርሱ እሱን ስትፈልጉ የሆናችሁትን እስከ ዛሬ አልነገርሽው ይሆናል።

ደላንታ ሜዳ

ፒዛውን በተመለከተ ያልሁትን አልቀየርሁም፤ የባቲዋ እኅት የጻፈችውን ግን ለባለቤቴ አነበብሁላት። እሷ ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ ጠብቄ ፊልሙን ለልጆች እንዳላሳይ የከለከለኝ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሁን ፍላሽ የሚሰጠኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መምህሩ እንዳሉት ትናንት ማታ ፊልሙን ሳልከፍት ታሪኩን በቃሌ ነገርኋቸው። የቆጠራው ቦታ ስደርስ ታላቁ ዳቦውን ማኘኩን አቆመ። «ልጁ ጎረቤት እንደሆነ ፊቱን አዙረው አያዩም?» አለኝ፤ እኔም እንዳላዩ ነገርሁት። «ስም እየጠሩ ነው መቁጠር» አለ፤ ለካ እሱ በጣቱ የሚጠቁመው ስማችንን በልቡ እየጠራ ኖሯል። ከዚያ የዛሬ ልጆች ሁሉ እንደሚጠይቁት እናትየዋ ለምን በሞባይል እንዳልደወለች ይጠይቀኛል ብዬ ዝግጁ ነበርሁ። ታናሿ ጠየቀች። እሱ ግን እኔን ሳይጠብቅ «መስመሩ ተቋርጦ ነዋ፤ ያኔ እኛም ጋ ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበር?» ብሎ መለሰላትና ዳቦውን ቀጠለ።

የባቲዋ እኅቴ፣ ግምትሽ ልክ ነው፤ ነግሬው አላውቅም ነበር። ትናንት ጥቂቱን ነገርሁት፤ አባቱ በየመኪናው መስኮት እየተንጠለጠለ ስሙን ሲጠራ እንደነበር ሲሰማ ሳቀ፤ አባቱ ሲሮጥ እንዴት እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ቀሪውን ከፊልሙ በኋላ እንቀጥለዋለን። ላስታ ስለ ምኞቱ ያነሡትን ክፍል ለብቻው እያሰብሁበት ነው፤ በዚያን ሰሞን ከአክስቱ ጋር እሄዳለሁ ብሎ ያለቀሰው እሱ ነበርና።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቋንቋውን እንዴት ላድርገው? ታላቁ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ጀምሯል፤ ታናሿ ግን ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። በድምፅ ልተርጉምላቸው ወይስ ዝም ብለው ይዩት?

የሰሌዳው ባለቤት (ወልዲያ)

ሌቦቹ ወደ ቤቱ ከገቡ በኋላ አንዲት ቃል አይተርጉሙ። ያ ክፍል ቋንቋ የሌለው ነው፤ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃም መቼ መፍራት፣ መቼ መሳቅ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ሊተረጎም የሚገባው የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ነው፤ ልጆች በሌቦቹ ጉጉት ስለሚቸኩሉ ያልፉታል። ሰፈሩ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እያለ የሚፈራቸው ሽማግሌ ጎረቤት፣ ማርሊ፣ ከኬቭን ጎን ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ተጣልተው እንደተለያዩ፣ የልጅ ልጃቸውን መዝሙር የሚሰሙትም ከሩቅ ሆነው እንደሆነ ይነግሩታል። ልጁም «ለምን አይደውሉለትም?» ይላቸዋል። ስምንት ዓመት ያልዘለለ ልጅ በአባትና በልጅ መካከል አበጋር ሆኖ የሚያስታርቅበት ቦታ ነው። የእኔ ተማሪዎች እዚህ ላይ በአገራቸው ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ ያነሣሉ፤ አንዱማ ልጁ ተሳስቷል፣ በስልክ ሳይሆን ሰው መላክ ነበረበት ብሎ ክፍሉን ሁሉ አከራክሯል።

ወንድምዎ በሕይወት ካሉና ቅርብ ከሆኑ ደግሞ አስተርጓሚነቱን ለእሳቸው ይስጧቸው።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ወንድሜ ሐይቅ ነው የሚኖረው፤ ለበዓሉ ይመጣል። ስነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው ሌቦቹ የድሮ ስማቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ ይፈቀድልኝ ወይ የሚል ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ የተከበረ ነጋዴ ስለሆነ ከልክያለሁ።

ባቲ ሰኞ ገበያ

አብሽሪ፣ ሌላ ስም አይጠፋውም። ሁለተኛውን፣ በ1985 ዓ.ም. የወጣውንና ልጁ ኒው ዮርክ ላይ የሚጠፋበትን፣ በዚያው ቀን እንዳትደርቢው ግን። የእኛዋ «ደግመው ረሱት?» ብላ ከዚያ ወዲያ ለእናትየዋ ይቅርታ አላደረገችላትም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ከመለያየታችን በፊት ስለ መሣሪያው ልጨምር። በበዓል ሰሞን ምጣዱም ምድጃውም በየቤቱ አንድ ላይ ስለሚለኮስ መብራት መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ብቻ አይተማመኑ። ላፕቶፑን ከዋዜማው ጀምሮ ቻርጅ አድርገው ፊልሙን ከፍላሽ ወደ ውስጥ ይገልብጡት። የጽሑፍ ትርጉሙ የተቀመጠበት ፋይል ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር በፊደል አንድ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ ቀድመው ያስተካክሉት። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጥቂት ስለሚያልፍ አሮጌ ባትሪ ላይጨርሰው ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ አውሮፕላኑ ውስጥ እናትየዋ የልጁን ስም ጠርታ ከምትጮኽበት ቦታ ላይ እንዳይቋረጥባችሁ የስክሪኑን ብርሃን ከመጀመሪያው ይቀንሱት።